የተሰበረው ሾፌር

ስልኬ ሌሊት ጮኸ፦ «ጦይባ፣ ድረሽልን፣
ኮምፒውተሩ ሞቶ ጨለማ ዋጠብን።»
ከቧንቧ ውኃ ወረድኩ፣ ፍላሽ በጃኬቴ ኪስ፤
ጉሙ ጦሳን ውጦ፣ ወርዶ አስፋልት ሲልስ።
ደሴ ላይ ላደገ ይኼ ምን ይደንቃል፣
ተራራው አይታይም፤ ተራራው ግን ቆሟል።

ራጅ አንሺው ገደፋው በሩን ከፍቶ ጠበቀኝ፣
በነጭ ጋውኑ ላይ ሹራብ እንደደረበ
እጄን ይዞ ሳበኝ።
አግዳሚው ላይ ሙሄ፣ የባጃጅ ነጂው ልጅ፣
ሐረጎ ቁልቁለት ድንጋይ የጣለው፣
ክንዱን በአንገት ልብስ ካንገቱ አንጠልጥሎ
ግድግዳ ተደግፏል፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ዝም ብሎ።

«ፎቶውን አንስቻለሁ» አለኝ ገደፋው፣
«ሳጥኑ ውስጥ ገብቷል፤ የቸገረን ማየቱ ነው።
‹ላሻሽል?› ሲለኝ ሰንብቶ ትናንት እሺ አልኩት፤
ዛሬ መብራት ሄዶ፣ ሲመጣ ሳበራው
እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።»

ጆሮዬን ሳጥኑ ላይ ጣልኩ።
ማራገቢያው ይዞራል።
የኪቦርዱ ትንሿ መብራት ስነካት ትበራለች።
ሬሳ እንዲህ አያደርግም።
«አልሞተም» አልኩት፣ «ፊቱ ነው የጠፋው።»

ኮንትሮል፣ አልት፣ ኤፍ ሦስት።
ብልጭ አለ ነጭ ፊደል ከጥቁሩ መሃል፣
ማነሽ? ይለኛል።
ገደፋው የይለፍ ቃሉን በጆሮዬ ሹክ አለኝ፤
የበኩር ልጁ ስም ነው።
መዝገቡን ገለጥኩት። ሺህ መስመር ሰላምታ፣
ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ ዲስኩም ደህና ነው፣ ሰዓቱም፤
ልክ እንደኛ ሰው መርዶውን ያመጣው ከስንት ቆይታ፦
«ስክሪን አልተገኘም።»
ወይ ጉድ! ፊት ለፊቱ ተገትሮ፣
ባንድ ገመድ ታስሮ።

«ገባኝ!» አልኩ ጮክ ብዬ፣ «ድራይቨሩ ነው የተበላሸው፣
ነቅሎ መጣል ነው!»
ከበስተኋላዬ አግዳሚው ሲጢጥ አለ፦
«እረ በነቢ!» አለ ሙሄ፣ «ክንዴ ነው እንጂ ሌላው ደህና ነኝ፣
ምን አጥፍቼ ነው የምትነቅይኝ?»

ሳቅን። እሱም ሳቀ፤ ክንዱ አመመውና
ሳቁን ከመሃል ቆረጠው።
«አብሽር፣ አንተን አይደለም። ይኼኛውም ሾፌር ነው፣
ሥዕሉን ከሳጥኑ ጭኖ ስክሪን የሚያደርሰው።
ትናንት ከርነሉ ተቀይሮ አዲስ ሹም ገባ፤
የሱን ወረቀት አይቶ አላውቅህም አለው፣
ኬላው ላይ አቆመው።»
«ወይኔ ወንድሜ!» አለ ሙሄ።
የምሩን ነበር።

ነቀልኩ። አዲስ ጫንኩ። በሞባይል ዳታ፣
ባሕር በጭልፋ።
ጎደለኝ ያለውን ከፍላሼ ቀዳሁለት፤ እምቢ።
አስነሳሁት፤ ብቅ አለ፣ ፊደሉ ዱባ አክሎ፣
ምስሉ ተጨፍልቆ፤ የሰው ክንድ ይሁን የበቆሎ አገዳ
የማይለይ።
ሙሄ ማቃሰት ጀመረ። ገደፋው ጣሪያ ጣሪያ ያያል።
እልሄን ዋጥኩት።
የነቀልኩትን ያንኑ አሮጌ ሾፌር መለስኩ፣
ሲነሳ ከሚደረድረው ዝርዝር ወረድኩና
የትናንት ወዲያውን ከርነል፣ የተሻረውን መረጥኩ።

ከዚያ፣ ክንዱ።
ነጭ፣ ጭስ የመሰለ ሥጋ ለብሶ፤
ሁለት አጥንት ጎን ለጎን፣
አንደኛው ላይ የክር ያህል ጥቁር መስመር፣
አገጣጥሞ እንደ ሳተ ግንበኛ ስንጥቅ።
ሙሄ ተነስቶ መጣ፤ ትንፋሹ ስክሪኑን ጋረደው።
«እኔ ነኝ?»
በእጅጌዬ ጠረግኩለት።
«አንተ ነህ።»

ገደፋው ሲሸኘኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦
«ደግሞ ‹ላሻሽል?› ቢለኝስ?»
«እስክመጣ እምቢ በለው።»
ቧንቧ ውኃን ስወጣው ነግቷል፤ ጉሙ አልተገለጠም።
ጦሳ ወዳለበት ዞሬ፣ እንዲያው በልማድ፣
እንዴት አደርህ አልኩት።